ጉድ ሞርኒንግ ዴድሊፍቴን ያሳድጋል ወይስ ወገቤን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «ሰላም አሰልጣኝ። ዴድሊፍት ላይ 140 ኪሎ ደርሼ ወራት ሆነኝ፤ ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ። ብረቱ ከመሬት ሊነሳ ሲል ዳሌዬ ቀድሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገቤም ይጎብጣል። አንድ ጓደኛዬ ጉድ ሞርኒንግ ሥራ ብሎኝ 60 ኪሎ ጭኜ ሞከርኩት። የተሰማኝ ግን ወገቤ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ይሄ ነገር የአከርካሪ ዲስክ ያበላሻል፣ ተወው ይለኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው? ከቀጠልኩስ እንዴት ልማረው?»

ምላሽ፦

ቀጥል። ግን 60 ኪሎውን አራግፍና በባዶ ባር (ክብደት ባልተጫነበት ረጅም ብረት) ጀምር። አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ምክንያቱን ካላወቅክ ግን ባዶ ባር ተሸክሞ ማጎንበስ ቶሎ ይሰለችሃል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

እንቅስቃሴውን ለማያውቁ አንባቢዎች በመጀመሪያ ላስረዳ። ዴድሊፍት ብረትን ከመሬት በእጅ አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ጉድ ሞርኒንግ ላይ ግን ባሩ እንደ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ጉልበት ትንሽ ይለቀቅና እዚያው ይቆያል። ከዚያ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ደረትም እሱን ተከትሎ ወደ ፊት ይወርዳል። ታች ሲደረስ የጭን የኋላ ጡንቻዎችና የመቀመጫ ጡንቻዎች ዳሌውን ወደ ፊት ይመልሱታል፤ ሰውየውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉት ረጃጅም ጡንቻዎች ሥራ ሌላ ነው። ጀርባ እንዳይጎብጥ ቀጥ አድርገው ይዘው ይቆያሉ።

ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዝልኝ። ዴድሊፍት ላይም የጀርባህ ሥራ ይኸው ነው። እግርና ዳሌ ብረቱን ያነሳሉ፣ ጀርባ ደግሞ ቅርጹን ይዞ ኃይሉን ወደ ባሩ ያስተላልፋል። አንተ የምትቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጉድ ሞርኒንግ የሚጠቅምህም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳሌ ሲንቀሳቀስ ጀርባ ዝም ብሎ እንዲቆይ ያስተምራል። ስንት ኪሎ ተጫነ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ጓደኛህ የመረጠልህ እንቅስቃሴ ትክክል ነው፤ ችግሩ የተጀመረበት ክብደት ላይ ነው።

60 ኪሎ ለምን በዛ? 140 ኪሎ ለሚያነሳ ሰው 60 ምንም አይመስልም። ግን ዳሌ የሚሸከመው በኪሎ ብቻ አይለካም። ኪሎው ከዳሌህ ምን ያህል ርቆ ወደ ፊት ነው ያለው የሚለውም ይቆጠራል። ውሃ የሞላ ባልዲ ከሰውነትህ አስጠግተህ ስትይዝና ክንድህን ዘርግተህ ስትይዝ ያለውን ልዩነት ታውቀዋለህ። ዴድሊፍት ላይ ባሩ ከእጅህ ወርዶ ቅልጥምህን ተጠግቶ ነው የሚሄደው። ጉድ ሞርኒንግ ላይ ግን ባሩ የጀርባህ ሩቁ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ደረትህም ከዴድሊፍት ይልቅ ወደ መሬት ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ዴድሊፍት ሲጀመር ከዳሌህ እስከ ባሩ ያለው አግድም ርቀት 30 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ጉድ ሞርኒንግ ላይ ዝቅ ስትል ደግሞ 50 ሴንቲሜትር ይሁን። 60 በ50 ሲባዛ 3,000 ነው። 100 በ30 ሲባዛም 3,000 ነው። ስለዚህ ያ «ቀላል» 60 ኪሎ ታች ላይ ዳሌህንና ወገብህን የ100 ኪሎ ዴድሊፍት ያህል ይጎትታቸዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እግርህ ወለሉን ገፍቶ አያግዝህም፤ ጉልበት ስለማይታጠፍና ስለማይዘረጋ የጭን የፊት ጡንቻ ብዙም ድርሻ የለውም። የላይኛው አካልህ የራሱ ክብደት አለ፤ እሱም ይጨመራል። የሰው ቁመትና የጀርባ ርዝመት ስለሚለያይ ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

«ዲስክ ያበላሻል» የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙ ሰው የሚያነሳው የብሩስ ሊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጉድ ሞርኒንግ ሲሠራ ወገቡን ክፉኛ ጎድቶ ለወራት ከልምምድ እንደራቀ በሰፊው ይነገራል። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ሁለት ዝርዝሮችን አብረው ያነሳሉ። በደንብ አላሟሟቀም ነበር። የጫነው ደግሞ 61 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከራሱ የሰውነት ክብደት ጋር የሚቀራረብ። የሚዘነጉት እነዚህን ሁለቱን ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካ፣ በኮሎምበስ ኦሃዮ አሰልጣኙ ሉዊ ሲመንስ የመሠረተውን ዌስትሳይድ ባርቤል የተባለ ጂም ተመልከት። የፓወርሊፍቲንግ (የስኳት፣ የቤንች ፕሬስና የዴድሊፍት ውድድር) ሰዎች እዚያ ጉድ ሞርኒንግን እንደ ዋና እንቅስቃሴ፣ በጣም በከባድ ክብደት ሠርተውበታል። የክብደት ማንሳት ስፖርተኞችም ለረጅም ዘመን እንደ አጋዥ ልምምድ ተጠቅመውበታል። እንቅስቃሴው በራሱ ወገብ የሚሰብር ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው አይዘልቅበትም ነበር። ወገብን የሚጎዳው ባልለመደው ክብደት ስር እየጎበጠና እየተቃና ሲደጋገም ነው። በቀስታ የተጨመረ ጭነትን ግን አከርካሪም፣ ጡንቻውም፣ ጅማቱም ይለምዱታል። የዌስትሳይድ ሰዎችን ክብደት ግን አትመኝ። ብዙ ዓመት የሠራ ጀርባ ነበራቸው፤ ልዩ ባርም ይጠቀሙ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ስሜት እንምጣ። ወገብህ ላይ ብቻ ነው የተሰማኝ ብለሃል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ዳሌህ ወደ ኋላ አልሄደም፤ ከወገብህ ነው ያጎነበስከው። እንዲህ ሲሆን የጭንህ የኋላ ጡንቻ፣ ሃምስትሪንግ የምንለው፣ አይወጠርም፤ ሥራው ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ በወረድክ ቁጥር ጉልበትህ ወደ ፊት እየታጠፈ ነበር። ሃምስትሪንግ ዳሌንም ጉልበትንም የሚያቋርጥ ጡንቻ ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ይላላል። ያኔ ስኳትም ያልሆነ፣ ጉድ ሞርኒንግም ያልሆነ ነገር ትሠራለህ። ወገብ ላይ ድካም መሰማቱ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ጡንቻው ስለሚሠራ ይሰማሃል። ከጭንህ ኋላ መወጠር ካልተሰማህ ግን እንቅስቃሴውን ገና አላገኘኸውም።

ስለዚህ መማሩን ያለ ክብደት ጀምር። ቀጥ ያለ ዱላ ውሰድ። በጀርባህ በኩል ርዝመቱን ተከትለህ ያዘው፤ አንድ እጅ ከአንገት ኋላ፣ ሌላው ከወገብ ኋላ። ዱላው ሦስት ቦታ መንካት አለበት፦ የራስ ቅልህ ጀርባ፣ በትከሻ አጥንቶችህ መካከል፣ እና ከወገብህ በታች የመቀመጫህ አጥንት። አሁን ዳሌህን ወደ ኋላ እየገፋህ ደረትህን አውርድ። ከሦስቱ አንዱ ከዱላው ከተላቀቀ እዚያ ላይ ቅርጽህ ጠፍቷል ማለት ነው። የታችኛው ከለቀቀ ወገብህ ጎብጧል። የራስ ቅልህ ከለቀቀ አንገትህን ወደ ታች ጥለኸዋል። በወገብህና በዱላው መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ከመጣ ደግሞ ወገብህን ከልክ በላይ ወደ ውስጥ አስገብተሃል።

ዳሌው ወደ ኋላ አልሄድ ካለህ ግድግዳ ያግዝሃል። ጀርባህን ሰጥተህ አንድ ጫማ ያህል ርቀህ ቁም። በመቀመጫህ ግድግዳውን ንካና ተመለስ። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ በልና ድገመው። ሳትወድቅ መንካት የምትችልበት የመጨረሻው ርቀት የአንተ ጥልቀት ነው። በዚህ ጊዜ ቅልጥምህ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ክብደትህ ከእግርህ መሃል ወደ ተረከዝ ያደላል፤ ጣቶችህ ግን መሬት አይለቁም። ይሄንን ልምምድ የሚንቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው፤ ከአፍ ትእዛዝ ይልቅ ግድግዳ ቶሎ ያስተምራል።

ዱላው ላይ ሲመችህ ባሩን ያዝ። እዚህ ላይ ቸኩለህ የምታልፈው ዝርዝር አለ፤ የባሩ ቦታ። ባሩ አንገት አጥንት ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ወይ ከአንገት በታች ባለው ወፍራም ጡንቻ ላይ፣ ወይ ከዚያ ዝቅ ብሎ በትከሻ ኋላ ላይ ይቀመጣል። ለጀማሪ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ስታጎነብስ ወደ አንገት አይንከባለልም፤ ርቀቱንም ትንሽ ያሳጥርልሃል። ትከሻህ ካልፈቀደ ግን ላይኛው ቦታ ይበቃል። በሁለቱም ባሩን በእጆችህ ወደ ጀርባህ ጎትተህ አጣብቀው። ባሩና ጀርባህ አንድ አካል መሆን አለባቸው። ባሩ ከተላወሰ ጀርባህም ይላላል።

እግርህን በዳሌ ስፋት ክፈት። ቀጥ ብለህ ቆመህ አየር ወደ ሆድህ ሳብ። ሆድህን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከኋላም ወጥረው፤ ሰው ሊመታህ ሲመጣ እንደምታደርገው ማለት ነው። ትንፋሽህን ይዘህ ውረድ፣ ይዘህ ተነስ፣ ላይ ስትደርስ አውጣው። የደም ግፊት ካለብህ ትንፋሽ መያዝ ግፊቱን ለጊዜው ስለሚጨምር ቀድመህ ሐኪምህን አማክር። አወራረዱ ሦስት ሰከንድ ይውሰድ። ታች ለአንድ ሰከንድ ቁም። ከዚያ እግርህን መሬት ውስጥ እንደምትተክል ገፍተህ ዳሌህን ወደ ፊት አምጣ። ላይ ስትደርስ መቀመጫህን ጨብጥና አብቃ። ወደ ኋላ መለጠጥ ምንም አይጨምርልህም፤ ወገብህን ብቻ ያጨናንቃል።

ምን ያህል ልውረድ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ደረትህ ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን የሚል ምክር ትሰማለህ። ለአንዳንዱ ሰው ልክ ነው። ለብዙ ሰው ግን የጭን ኋላ ጡንቻ መለጠጡ ከዚያ በፊት ያልቃል። ካለቀ በኋላ የምትወርዳት እያንዳንዷ ሴንቲሜትር የምትመጣው ከወገብ መጉበጥ ነው። የአንተ ማቆሚያ ወገብህ ቅርጹን ሊለቅ ሲል ያለችው ነጥብ ናት። ከጎን በስልክ ራስህን ቅረጽ። ከውስጥ የሚሰማህ ስሜት ያታልላል፤ ቀጥ ያልክ እየመሰለህ ጎብጠህ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ከትይዩ ብዙ ከፍ ብለህ ብታቆም አትፈር። ጥልቀቱ ከሳምንታት በኋላ ራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር፦ ራክ (ባሩ የሚቀመጥበት የብረት ማዕቀፍ) ውስጥ ሥራ። የራኩን መከላከያ ብረቶች ከዝቅተኛው ነጥብህ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ግጠማቸው። ዴድሊፍት ሲያቅትህ ብረቱን መሬት ትጥለዋለህ። ጉድ ሞርኒንግ ታች ላይ ሲያቅትህ ግን ባሩ መውጫ የለውም፤ በአንገትህ በኩል ነው የሚንከባለለው። መከላከያ ብረት ከሌለ ከባዶ ባር ብዙ አትራቅ።

አሁን ስለ መጠን። ባዶው ባር 20 ኪሎ ነው። በሱ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 8 ድግግሞሽ ሥራ። ቪዲዮው ንጹህ ከሆነ በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ ጨምር። ካልሆነ እዚያው ቆይ። በዚህ አካሄድ በሁለት ወር ወደ 40 ኪሎ ትጠጋለህ። ለአንተ ደረጃ እስከ 45 ወይም 50 ኪሎ ድረስ ያለው ብዙ ይሠራል። ከዴድሊፍትህ ሲሶ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክብደት ከመጨመር ይልቅ ታች የምትቆይበትን ጊዜ ማራዘም እመክራለሁ። አቅምህ ሊያልቅ ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ሲቀርህ አቁም። በጉድ ሞርኒንግ አቅምህን እስከ ጥግ መፈተን፣ ለአንድ ድግግሞሽ ስንት እችላለሁ ብሎ መጫን፣ ለአንተ ትርፉ ምንድን ነው? የምትፈተንበት ዴድሊፍት አለልህ።

በሳምንት አንዴ ይበቃል። በጣም የምወደው ቦታ ከስኳት በኋላ ነው፤ ከሚቀጥለው ከባድ ዴድሊፍት ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። ምክንያቱም ይሄ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ረዝሞ ባለበት ሁኔታ ያስጨንቀዋል። ያ ደግሞ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ጭንህን አጥብቆ የሚይዝ ሕመም ያመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደረጃ መውረድ ቢከብድህ አትደንግጥ። በተመሳሳይ ሳምንት ሮማኒያን ዴድሊፍትም (ባሩን በእጅ ይዞ ከቆሙበት ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ ማውረድ)፣ ሃይፐርኤክስቴንሽንም (መደገፊያ ላይ ተደፍቶ ጀርባን ማንሳት)፣ ጎንበስ ብለህ የምትሠራውን ሮውም (ባሩን ወደ ሆድ መሳብ) አትደርድርበት። የወገብህ በጀት አንድ ነው፤ ሁሉም ከዚያው ነው የሚቆርጡት።

«ታዲያ ሮማኒያን ዴድሊፍት አይሻልም?» ለብዙ ሰው አዎ፣ ይሻላል። ባሩ እጅ ላይ ስላለ ለመማር ይቀላል፣ ከባድ ይጫናል፣ ሲያቅት ይጣላል፣ ለዴድሊፍትም ይበልጥ ይቀርባል። አንድ አጋዥ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ለጀማሪ እሱን እሰጣለሁ። ያንተ ድክመት ግን ጀርባህ ቅርጹን መያዝ ላይ ነው። ጉድ ሞርኒንግ በትንሽ ኪሎ ጀርባን ብዙ ያሠራል። የእጅ አያያዝህ ስለማይደክምም እጅህ ቀድሞ አያስቆምህም፤ የመዳፍህ ቆዳ በተላጠ ሳምንትም መሥራት ትችላለህ። ስለዚህ ለ8 ሳምንት ጉድ ሞርኒንግ፣ ከዚያ ወደ ሮማኒያን ዴድሊፍት ብትመለስ ደስ ይለኛል።

የማይሠራውንም ልንገርህ። የእጅ አያያዝህን አያጠነክርም። ባሩን ወደ ቅልጥምህ የሚያስጠጋውን የጎን ጀርባ ጡንቻህን እንደ ዴድሊፍት አያሠለጥንም፤ ባሩ ከእግርህ እየራቀ የሚሄድብህ ከሆነ መፍትሔው እዚህ የለም። ከቆመ ብረት ተነስቶ መጀመርንም አያስተምርም፤ ምክንያቱም ጉድ ሞርኒንግ በመውረድ ይጀምራል፣ ዴድሊፍት ግን ከመሬት። ለዚህኛው ከመሬት 3 ሴንቲሜትር ያህል አንስተህ ለሁለት ሰከንድ የምትቆምበትን ዴድሊፍት ጨምር። ከ85 እስከ 95 ኪሎ፣ በሦስት ድግግሞሽ። በዴድሊፍትህ ቀን፣ ከዋናው ሥራ በኋላ።

የዳሌህ ቀድሞ መውጣት ነገርም ሳልናገር የማላልፈው አለ። አንዳንዴ ድክመት አይደለም፤ አጀማመር ነው። ብዙ ሰው ዴድሊፍትን እንደ ስኳት ቁጭ ብሎ ይጀምረዋል። ዳሌው በጣም ዝቅ ስላለ ብረቱ ከመነሳቱ በፊት ሰውነት ራሱ ወደሚመቸው ከፍታ ይወጣል። 120 ኪሎህን ከጎን ቅረጽና ቪዲዮውን ቀስ አድርገህ እይ። ፕሌቶቹ (ባሩ ጫፍ ላይ ያሉት ክብ ክብደቶች) መሬት በለቀቁባት ቅጽበት ዳሌህ የት ነበር? በሚቀጥለው ልምምድ ከዚያ ከፍታ ጀምር። በዚህ ብቻ ችግሩ ግማሹ ከጠፋ ጉድ ሞርኒንጉ የቀረውን ይሠራል።

የሚያስቆሙ ምልክቶችን ለይተህ እወቅ። በአከርካሪ ግራና ቀኝ የሚሰማ የጡንቻ ድካም ደህና ነው። ወገብ መሃል ላይ እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም፣ ወደ መቀመጫና እግር የሚወርድ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል ግን ደህና አይደሉም። ያኔ ልምምዱን አቁምና ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂድ። ከዚህ በፊት የዲስክ ችግር የነበረብህ ከሆነም ከመጀመርህ በፊት አማክራቸው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም ሁለቱ ጭኖችህ መካከል ከደነዘዘ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄደው።

ተቀምጦ የሚሠራው፣ እግር ሰፋ ተደርጎ የሚሠራው፣ ከራክ ብረት ላይ ተነስቶ የሚጀመረው እያለ ዓይነቱ ይቀጥላል። ለአሁኑ ተዋቸው። አንዱ ብቻ ትኩረትህን ይሳበው፤ ከብረት ላይ የሚጀመረው። ባሩ ታች ቆሞ ስለሚጠብቅህ ለዴድሊፍት አጀማመር ይቀርባል። ግን ተራውን በደንብ ከያዝክ በኋላ ነው።

8 ሳምንቱ ሲያልቅ ያንኑ 120 ኪሎ በዚያው ማዕዘን ቅረጽና ከዛሬው ቪዲዮ ጋር አስተያየው። ወገብህ ቅርጹን ይዞ ከመጣ 142.5 ሞክር። ወገብህ ተስተካክሎ ዳሌህ አሁንም ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ ግን ሥራው የጀርባ ሳይሆን የጭን የፊት ጡንቻ ነው። ያኔ ጉድ ሞርኒንጉን ቀንስና ፍሮንት ስኳት (ባሩን ከፊት ትከሻ ላይ ይዞ የሚሠራ ስኳት) አስገባ። ቪዲዮውንም ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።